ልሳ ልሳ ሆዷን መላጣ ያደረገች ድመት

ዳማ ወደኛ የመጣችው ባለቤቶቿ ኮንዶሚኒየም ሲገቡ ግቢው ውስጥ ትተዋት ስለሄዱ ነው። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። “ውሻ ሰው ይከተላል፣ ድመት ቤት ትወዳለች” ይባልና ዕቃ ሲጫን ድመቷን የሚቆጥራት የለም። ቤቱ ፈረሰ። እሷ ፍርስራሹ ውስጥ ሳምንታት ከረመች። በመጨረሻ በአሮጌ ጋቢ ጠቅልዬ፣ ካርቶን ውስጥ ከትቼ አመጣኋት።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከአልጋ ስር አልወጣችም። ቀስ በቀስ ለመደችን። በሁለተኛው ወር አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ተንጋላ ስትተኛ ሆዷን አየሁት። መላጣ ነው። በምላጭ የተላጨ ይመስላል። ቁስል የለውም፣ ቅርፊት የለውም፣ አይሸትም። ከሆዷ እስከ ጭኖቿ ውስጥ ድረስ ባዶ ቆዳ ብቻ።

ጎረቤታችን እማማ አንዴ አይተው ፈረዱ። “ቅማል ነው ልጄ፤ ነጭ ጋዝ ቀቢያትና ይለቃታል” አሉኝ። ወንድሜ ደግሞ “ቤቷ ናፍቋት ነው፤ ጭንቀት ነው” አለ። እኔ ከወንድሜ ጋር ወገንኩ። ታሪኳ አሳዛኝ ስለሆነ የበሽታዋም ምክንያት አሳዛኝ መሆን ያለበት መሰለኝ። በኋላ እንደታየው ወደ እውነቱ ይበልጥ የቀረቡት እማማ ነበሩ። መድኃኒታቸው ግን ሊገድላት ይችል ነበር።

ከጎዳና ወይም ከፈረሰ ግቢ ድመት ያነሣ ሰው ሁሉ አንድ ቀን እዚህ ጥያቄ ላይ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ያነበብኩትን፣ ከሐኪም የሰማሁትንና ከዳማ ያየሁትን ላካፍላችሁ።

ምላስ ወይስ ሞረድ?

ድመት እጃችሁን ልሳችሁ ታውቅ ከሆነ ምላሷ እንደ ሞረድ እንደሚሻክር ታውቃላችሁ። ላዩ ወደ ጉሮሮዋ ባዘነበሉ ጥቃቅን እሾሆች የተሞላ ነው። እሾሆቹ የተሠሩት የእኛ ጥፍር ከተሠራበት ኬራቲን ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ጆርጂያ ቴክ ተመራማሪዎች እሾሆቹን አጉልተው ሲያዩ ጫፋቸው እንደ ማንኪያ ጎድጎድ ያለ ሆኖ አገኙት። ምራቅ እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ተይዞ ፀጉሩን ዘልቆ ቆዳዋ ድረስ ይደርሳል። ማበጠሪያም ማጠቢያም አንድ ላይ ማለት ነው።

ጤነኛ ድመት ነቅታ ከምታሳልፈው ጊዜ ቀላል የማይባለውን ለዚህ ታውላለች። ቆሻሻ ታስወግዳለች፣ ቁንጫ ትለቅማለች፣ ሲሞቃት ምራቋ ሲተን ትቀዘቅዛለች። ከዚህ ሌላ መላስ ያረጋጋታል። ሁለት ድመቶች ተፋጥጠው ሳለ አንዷ ድንገት ቁጭ ብላ ትከሻዋን ስትልስ አይታችሁ ይሆናል። የሚላስ ነገር ኖሮ አይደለም። ሰው ግራ ሲገባው ራሱን እንደሚያክከው ነው።

ታዲያ ሞረድ ነው ብለናል። አንድ ቦታ ላይ በቀን ደጋግሞ ሲመላለስ ፀጉሩን ከመሃል ይሰብረዋል። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ፀጉሩ ከሥሩ ረግፎ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ የምናወራው ስለተሰበረ ፀጉር ነው። ልዩነቱን በጣታችሁ ልታውቁት ትችላላችሁ። መላጣውን ቦታ በተቃራኒ አቅጣጫ ስትዳብሱት እንደ ሁለት ቀን ጢም ከቆረቆራችሁ የተሰበረ ነው። ዳር ያለውን ፀጉር ሳብ ስታደርጉት ደግሞ በቀላሉ አይነቀልም። ሐኪም ጥቂት ፀጉር ወስዶ በማይክሮስኮፕ ቢያይ የተሰበረው ጫፍ ድንቡሽ ወይም የተሰነጣጠቀ ሆኖ ያገኘዋል። ያልተነካው ጫፍ እየቀጠነ ሄዶ እንደ መርፌ ያልቃል።

“እኔ ስትልስ አይቻት አላውቅም” የሚል ሰው ይኖራል። እኔም ብዬ ነበር። ብዙ ድመቶች ሰው ሲያያቸው አይልሱም፤ ተደብቀው ወይም ሌሊት ነው የሚያደርጉት። ስልኬን መጽሐፍ ላይ አስደግፌ ቪዲዮ እንዲቀርጽ አድርጌ ተኛሁ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሃያ ደቂቃ ያህል ሳታቋርጥ ሆዷን ስትሞርድ አገኘኋት። ጠዋት አልጋ ስር የፀጉር ትውከት የማገኘውም ለካ ለዚህ ነው።

“ጭንቀት ነው” ለመጨረሻ ይቆይ

ሐኪሞች በጭንቀት ምክንያት ብቻ የሚመጣውን መላጣነት ለብቻው ስም ሰጥተውታል። ችግሩ ስሙ ከሚገባው በላይ መለጠፉ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት እንዲህ ዓይነት ጥርጣሬ የተለጠፈባቸውን 21 ድመቶች ወስዶ አንድ በአንድ መረመረ። ቆዳቸው፣ ደማቸው፣ ምግባቸው ሁሉ ታየ። ውጤቱ የሚያስደነግጥ ነው። 16ቱ የአካል ሕመም ተገኘባቸው። 3ቱ የአካል ሕመምም ጭንቀትም ነበረባቸው። ጭንቀት ብቻ የነበረባቸው 2 ናቸው። ከሁሉም የበዛው ምክንያት ምግብ አለመስማማት ነበር፤ 12 ድመቶች ላይ ተገኝቷል።

21 ድመት ትንሽ ቁጥር ነው። ለምርመራ የተላኩት ደግሞ አስቸጋሪዎቹ ናቸው። ቢሆንም ነገሩ ይገባል። ጭንቀትን በደም ምርመራ ማሳየት አይቻልም። ሌላው ሁሉ ተፈትሾ ሲያልቅ የሚቀር ነገር ነው። ከእሱ ከጀመራችሁ የምታሳክካትን ድመት ለወራት “አይዞሽ” ስትሏት ትከርማላችሁ።

ስለዚህ ከቁንጫ ጀምሩ። በኛ ሁኔታ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠረጠረው እሱ ነው። አንዳንድ ድመት የቁንጫ ምራቅ አለርጂ አለባት። እንዲህ ላለችው መቶ ቁንጫ አያስፈልግም፤ ጥቂት ንክሻ ለቀናት ያሳክካታል። “ቁንጫ እኮ አላየሁባትም” ማለት ደግሞ ማስረጃ አይደለም። ጎበዝ ላሽ ቁንጫውን ራሱን ለቅማ ትውጠዋለች።

የሚሻለው ዘዴ ይኸውላችሁ። ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለ የቅማል ማበጠሪያ ውሰዱ። ወገቧን፣ የጭራዋን ሥርና አንገቷን አበጥሩ። ማበጠሪያው ላይ ጥቁር ብናኝ ካገኛችሁ እርጥብ ነጭ ሶፍት ላይ አራግፉት። ተራ አፈር ከሆነ አፈር እንደሆነ ይቀራል። የቁንጫ ኩስ ከሆነ ግን ዙሪያውን ቀይ ቡናማ ቀለም ይለቃል፤ ምክንያቱም የተፈጨ ደም ነው። ከዳማ ሦስት ፍንጣቂ ብናኝ ወጣ። ሦስቱም ቀሉ። በእማማ ፊት አፍሬያለሁ።

ቁንጫ ሲገኝ ድመቷን ብቻ ማከም ሥራውን ግማሽ ማድረስም አይሆንም። እሷ ላይ ያለው ትልልቁ ነው። እንቁላሉ፣ ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭና ቁንጫ ለመሆን ሽፋን ውስጥ የሚቆየው ሙሽሬ ያለው ምንጣፍ ውስጥ፣ ወለል ስንጥቅ ውስጥ፣ የምትተኛበት ጋቢ ላይ ነው። ሙሽሬው ሽፋኑ ውስጥ ሆኖ ለወራት ሊጠብቅ ይችላል። ለዚህ ነው ሐኪሞች ቢያንስ ለሦስት ወር ሳታቋርጡ አክሙ የሚሉት። የምትተኛበትን ጨርቅ በየሳምንቱ በፈላ ውኃ ማጠብ፣ ጥጋጥጉን መጥረግ፣ ግቢ ውስጥ ውሻ ካለ እሱንም ማከም ያስፈልጋል። የምትውጠው ቁንጫ ደግሞ የኮሶ ዘመድ የሆነ ትል ሊያስተላልፍባት ይችላል። ፊንጢጣዋ አካባቢ የሩዝ ፍሬ የሚመስል ነገር ካያችሁ የትል መድኃኒትም ጠይቁ።

አሁን ወደ ነጭ ጋዙ ልመለስ። በሰፈራችን ለእከክም ለቁንጫም የሚታዘዙ ሁለት ነገሮች አሉ። ነጭ ጋዝና የተቃጠለ የመኪና ዘይት። ሁለቱም ቆዳዋን ያቃጥላሉ። ከዚህ የከፋው ግን ድመት የተቀባችውን ሁሉ የምትልስ መሆኗ ነው። ቆዳዋ ላይ ያደረጋችሁት ሆዷ ውስጥ ይገባል። ለውሻ የሚሸጥ የቁንጫ ጠብታም ያው ነው። ብዙዎቹ ውስጥ ፐርሜትሪን የሚባል ኬሚካል አለ። ውሻ ይችለዋል፤ የድመት ጉበት ግን በቶሎ ሊያስወግደው ስለማይችል ያንቀጠቅጣታል፣ ይገድላታልም። ለከብት መዥገር የሚረጨውንና የበረሮ መግደያውንም አትሞክሩ። አሳዘነችኝ ብላችሁ ፓራሲታሞል እንዳትሰጧት። አንድ ፍሬ ይበቃታል፤ ለሞት ማለቴ ነው። ድመትን የሚመለከት መድኃኒት ስትገዙ “ለድመት” የሚል ጽሑፍና ልክ እንደ ክብደቷ የሆነ መጠን ካላያችሁ ተዉት።

ጭርትና የቆዳ ነፍሳትም ፀጉር ያሳሳሉ። ጭርት ወደ ሰው ይተላለፋል፤ በተለይ አቅፈዋት ወደሚተኙ ልጆች። ልጃችሁ ክንድ ላይ ክብ ቀይ ነገር ከወጣ ሁለቱንም አሳዩ።

ሕመምም ያስልሳል። ሰው ጉልበቱን ሲያመው እንደሚያሸው ድመትም የሚያማትን ቦታ ትልሳለች። ሆዷን ብቻ፣ ያውም የታችኛውን ክፍል የምትልስ ከሆነ ፊኛዋን ጠርጥሩ። ሽንት ቶሎ ቶሎ ለመሽናት ትቀመጣለች፣ ጥቂት ነው የሚወጣት፣ አንዳንዴ ደም አለበት፣ ከቦታዋ ውጭ ትሸናለች። ወንድ ድመት ደጋግሞ ተቀምጦ ምንም ካልወጣው ነገን አትጠብቁ። የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ ከሆነ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል።

ሽሮ፣ ሽንኩርትና ጾም

ስለ ምግብ ጥቂት ልቆይ። ለብዙዎቻችን ድመት የምትበላው የተረፈውን ነው። እንጀራ በወጥ። ወጥ ያለ ሽንኩርት አይሠራም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። አንዴ የላሰችው ላይገድላት ይችላል። በየቀኑ ሲሆን ግን ደሟ ይሟጠጣል። በጾም ደግሞ ቤቱ ሁሉ ሽሮ ነው። ድመት በተፈጥሮዋ ሥጋ በል ናት። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ከሥጋ ካላገኘች ልቧና ዓይኗ ይጎዳሉ። ጾሙ የእኛ ነው፤ እሷ አልተሳለችም። ከልኳንዳ የሚገኝ ጥቂት ልብ ታውሪን አለው፤ ዋጋውም አይከብድም።

ምግብ አልተስማማት ይሆን የሚለውን ለማወቅ አስተማማኙ መንገድ ሙከራ ነው። ከዚህ በፊት በልታው የማታውቀውን የሥጋ ዓይነት መርጦ ለ8 ሳምንት ያህል እሱን ብቻ መስጠት። በሬና ዶሮ የለመደች ከሆነች የፍየል ወይም በሚገኝበት ቦታ የግመል ሥጋ ሊሆን ይችላል። ሥጋ ብቻ ለረጅም ጊዜ የተሟላ ምግብ ስላልሆነ ይህን ከሐኪም ጋር ተነጋግራችሁ አድርጉት። መላሷ ከቀነሰ የድሮውን ምግብ መልሳችሁ ስጧት። ከጀመራት ተገኘ ማለት ነው። ከባዱ ነገር ሥጋው አይደለም፤ የቤተሰቡ ሰው ሁሉ “ትንሽ ብትቀምስ ምን አለበት” ማለቱ ነው። አንድ ጉርሻ የሙከራውን ሳምንታት ከንቱ ያስቀራል።

ውጭ ሀገር ያላችሁ በዚህ በኩል ይቀላችኋል። ፕሮቲኑ ተሰባብሮ የተዘጋጀ የሙከራ ምግብ ሐኪማችሁ ያዝዝላችኋል። ድመቷን ከመጠለያ ከወሰዳችሁም የሕክምና መዝገቧን ጠይቁ። ከመምጣቷ በፊት ትልስ እንደነበር እዚያ ተጽፎ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ሀገር የእንስሳት ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ከብት ነው፤ ድመት ይዛችሁ ስትገቡ ፈገግ የሚል አይጠፋም። አትፈሩ። ብዙው ምርመራ ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ቆዳዋ ላይ ግልጽ ፕላስተር ለጥፎ አንሥቶ፣ ቆዳ ፍቆ፣ ፀጉር ወስዶ በማይክሮስኮፕ ማየት ይቻላል። የሽንት ምርመራም እንዲሁ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። አንዳንዴ ወዲያው የኮርቲዞን መርፌ ይሰጣታል። ማሳከኩን ስለሚያቆመው የዳነች ትመስላለች፤ ሳምንታት ቆይቶ ይመለሳል። መርፌው ራሱ ግን ፍንጭ ሰጥቷችኋል። በመርፌው መላሷን ካቆመች ያሳክካት ነበር ማለት ሊሆን ይችላል።

እግረ መንገዳችሁን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትቧት። ደንግጣ ነክሳችሁ ከሆነ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡና ያን ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ድመት ነች ብሎ መናቅ አይገባም።

ጭንቀቱ ሲቀር

ዳማ የቁንጫ ሕክምናዋን ከጀመረች በኋላ መላሷ በግማሽ ቀነሰ። ግማሹ ቀረ። በጥናቱ የአካል ሕመምም ጭንቀትም ከነበረባቸው ከ3ቱ ድመቶች ወገን ነበረች ማለት ነው፤ ወንድሜም የድርሻውን ያህል ትክክል ነበር። አሁን ስለ ጭንቀት ማውራት ይቻላል።

እኛ ጭንቀትን በፍቅር ለማከም እንሞክራለን። ማቀፍ፣ ማሻሸት፣ ከተደበቀችበት ማውጣት፣ ለእንግዳ ማሳየት። ድመት የምትፈልገው ተቃራኒውን ነው። የሚያስጨንቃት ነገር ምን እንደሚመጣ አለማወቋና ማምለጥ አለመቻሏ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ሁለት ነገር ነው። ቀኗ የሚገመት ይሁን፤ ለመቅረብም ለመራቅም ምርጫው የእሷ ይሁን።

ከካርቶን ጀምሩ። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ የኔዘርላንድስ ዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ጥናት መጠለያ ውስጥ አዲስ ከገቡ 19 ድመቶች ለ10ሩ መደበቂያ ሣጥን ሰጠ፤ 9ኙ አልተሰጣቸውም። ሣጥን ያገኙት በጥቂት ቀናት ውስጥ ተረጋጉ። ሌሎቹ ዘገዩ። ካርቶን ደግሞ ከሱቅ በነፃ ይገኛል። እኔ የዘይት ካርቶን አጋድሜ፣ ከኋላው ሁለተኛ መውጫ ቀድጄ፣ አሮጌውን ጋቢ አነጠፍኩበት። ሁለተኛው መውጫ ቁም ነገር ነው። አንድ በር ብቻ ያለው መደበቂያ ለፈሪ ድመት ወጥመድ ነው። ከዚያ ለቤተሰቡ አንድ ሕግ አወጣሁ። ካርቶን ውስጥ ያለች ድመትን ማንም አይነካም። አያወጣም፣ አያይም፣ አይጠራም። ልጆቹ ከአዋቂዎቹ ይልቅ አከበሩት።

መጀመሪያ አንድ ክፍል ይበቃታል። መላው ቤት ሲከፈትላት ደስ አይላትም፤ የሚጠበቅ ድንበር ነው የሚበዛባት። ምግብና ውኃ በአንድ ጥግ፣ መጸዳጃዋ ራቅ ብሎ በሌላ ጥግ። ለመጸዳጃ ሰፊ ሳፋና አሸዋ ወይም ሰጋቱራ ይሆናል። በየቀኑ ይጠረግ። ድመቶቹ ሁለት ከሆኑ ሳፋው ሦስት ነው የሚባለው። ከፍ ያለ ቦታም ስጧት። ቁም ሳጥን አናት ላይ አሮጌ ፎጣ ብታነጥፉ ቤቱን ከላይ ሆና ታየዋለች። በመስኮት የሌላ ሰው ድመት የሚያስፈራራት ከሆነ የመስታወቱን የታችኛውን ግማሽ በወረቀት ሸፍኑ። ይህን ያወቅሁት ዳማ ከመስኮቱ ስር ከተመለሰች በኋላ ሁልጊዜ እንደምትልስ ከቪዲዮው ካየሁ በኋላ ነው።

ሽታን አትርሱ። ድመት ጉንጯን ወንበር ላይ፣ በር ላይ የምታሻሸው ሽታዋን ለመተው ነው። “ይህ የኔ ነው” የምትልበት ፊርማ ነው። እኛ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ በበረኪና እናጥበዋለን፣ ቡና ሲፈላ እጣን እናጤሳለን። ቡናውን አትተዉ፤ እጣኑ ግን እሷ ያለችበት ክፍል አይግባ። ጨርቆቿንም ሁሉንም በአንድ ቀን አትጠቡ። ለቁንጫው በየሳምንቱ ማጠብ ካለባችሁ ግማሹን ማክሰኞ፣ ግማሹን ዓርብ አድርጉት።

ከሁሉ የጠቀመን ጨዋታ ነው። የዶሮ ላባ በቃጫ አስሬ ጠዋትና ማታ በተመሳሳይ ሰዓት አሥር ደቂቃ አጫውታታለሁ። ላባው እንደ አይጥ ይሸሻል፣ ይደበቃል፣ በመጨረሻ ይያዛል። እንዲያዝ ፍቀዱላት። ወዲያው ምግብ ይቀርባል። አድና፣ በልታ፣ ራሷን አጽድታ ትተኛለች። ያን ጊዜ የምትልሰው ተፈጥሯዊው ነው፤ አጭር ነው፣ መላ አካሏን ያዳርሳል። ሲያበቃ ቃጫውን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፉበት። ድመት ክር ትውጣለች፤ አንጀቷን ይቆርጠዋል።

ስትልስ ብታገኟት አትቆጧት። ውኃ አትርጩባት። አሁን የምትጨነቅበት አንድ ተጨማሪ ነገር እናንተ ሆናችሁ ማለት ነው። ወረቀት ኮሽ ማድረግ ወይም ላባዋን ወዲያ መጎተት ይበቃል። “አይዞሽ፣ አይዞሽ” ብሎ መሮጥም አይጠቅምም። ዓይኗን ስታገኙት ቀስ ብላችሁ ጨፍናችሁ ቀስ ብላችሁ ግለጡ። የእንግሊዙ ሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ድመቶች ለእንዲህ ዓይነቱ አስተያየት መልሰው ዓይናቸውን ያጠባሉ፤ ወደማያውቁት ሰውም ይበልጥ ይቀርባሉ። ወንድሜ ይህን ሲያደርግ ስንት ቀን እንደሳቅንበት አልነግራችሁም።

አንገቷ ላይ የሚደረገው ቆብ መሰል ፕላስቲክ መላሱን ያስቆማል፤ ምክንያቱን አይነካም። ቁስል ካለና ሐኪም ካዘዘ ለጥቂት ቀን ይደረግ። ከዚያ ውጭ መረጋጊያዋን መንጠቅ ነው። ጓደኛ ትሁናት ብላችሁ ሁለተኛ ድመት አታምጡ። ለሚጨነቅ ድመት ይህ እንደማጽናኛ የሚላክ ጠላት ነው።

በዓል ሲደርስ አስቀድማችሁ አስቡ። የእንቁጣጣሽ ርችት፣ ደመራ፣ ግቢ ውስጥ የታሰረ በግ፣ ቤት ሙሉ እንግዳ። ካርቶኗን ወደ ጓዳ ውሰዱት፣ በሩን ዝጉ፣ ውኃና ሳፋዋን አብራችሁ አስቀምጡ። ለእንግዳ የሚነገረው “ድመት የለንም” ነው። ከበዓል በኋላ ለሁለት ሦስት ቀን ብትልስ አይድነቃችሁ። መብላት ካቆመች ግን ሁለት ቀን አትጠብቁ፤ ያልበላች ድመት ጉበቷ በፍጥነት ይጎዳል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልቀነሰ መድኃኒት አለ። እንደ ፍሉኦክሰቲንና አሚትሪፕቲሊን ያሉት ለሰው የሚታዘዙ መድኃኒቶች ለድመትም ይታዘዛሉ፤ መጠኑ ግን ሌላ ነው። ሙሉ ውጤታቸውን ለማየት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋሉ፤ በድንገትም አይቋረጡም። ከፋርማሲ ገዝቶ በግምት መስበር የለም። ፌሮሞን የሚባል፣ ድመቶች እርስ በርስ የሚግባቡበትን ኬሚካል የሚመስል፣ ለሰው የማይሸት ማረጋጊያ በሶኬት የሚሰካ አለ። አንዳንድ ድመት ላይ ይሠራል፣ አንዳንዷ ላይ አይሠራም። ከካርቶኑ በፊት ገንዘባችሁን እሱ ላይ አታውሉ።

ፀጉሩ ለመመለስ ጊዜ ይወስዳል። ምክንያቱ ከተወገደ በሳምንታት ውስጥ እንደ ጫጩት ላባ የለሰለሰ ነገር ይታያል፤ ሙሉ ለመሆን ሁለት ሦስት ወር ሊፈጅ ይችላል። በየቀኑ ስታዩት ለውጡ አይታያችሁም። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በተመሳሳይ ብርሃን ፎቶ አንሱት። ቆዳው ከቀላ፣ ካዠ ወይም ከቆሰለ ግን ፎቶውን ትታችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።

“ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ” ይባላል። መላስም እንዲሁ ነው። አንዴ መረጋጊያ አድርጋ የለመደችው ስለሆነ ቤት ስትቀይሩ፣ ሕፃን ሲወለድ፣ ሠራተኛ ስትለወጥ ሊመለስ ይችላል። ያን ጊዜም መጀመሪያ የሚወጣው ማበጠሪያውና እርጥቡ ሶፍት ነው።

ዳማ ወደኛ ከመጣች አሁን ስምንተኛ ወሯ ነው። ሆዷ ሸፍኗል፤ አዲሱ ፀጉር ከድሮው ትንሽ ይነጣል። ግራ ጭኗ ውስጥ አንድ ብር ሳንቲም የምታህል ቦታ አሁንም ባዶ ናት። ሐኪሙ አይቷት “ትበላለች? ትጫወታለች? ቆዳው ደህና ነው?” ሲለኝ ሦስቱንም አዎ አልኩት። “እንግዲያው ለሷ ተዪላት” አለኝ። እማማ ግን ዛሬም ስታልፍ ባዩዋት ቁጥር ነጭ ጋዙን ያነሡታል።